የኢንተርኔት ድጎማ ለማን ይገባል?

የወሩን ወጪ ቁጭ ብላችሁ ስትጽፉ ኢንተርኔትን የት ላይ ታስቀምጡታላችሁ? እኛ ቤት ቦታውን ቀይሯል። ድሮ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር፣ ከባጃጅና ከፀጉር ቅባት ጋር ነበር የሚጻፈው። አሁን ከቤት ኪራይ፣ ከጤፍና ከመብራት ቀጥሎ ራሱን ችሎ ይጻፋል። ባለቤቴ ወሩ በመጣ ቁጥር «ይሄ ነገር ዘይቱን ሊያስረሳን ነው እኮ» ይላል። ይላል እንጂ እሱም አያስቆርጠውም። የልጃችን የቤት ሥራ የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የእርሱ ሞተር ነዳጅ የሚቀዳው በቴሌብር ነው። እኔም ወልድያ ላይ ሆኜ የምሠራው የማርኬቲንግ ሥራ ግማሹ ስክሪን ላይ ያለ ነው።

ደመወዝተኞች ነን፤ እየተጨናነቅንም ቢሆን እንከፍላለን። ይህን መጽሔት የምታነቡ አብዛኞቻችሁም እንደዚያው ይመስለኛል። መክፈል የማይችለው ቤተሰብስ? መንግሥት ለዚህ ወጪ ሊያግዘው የሚችልበት መንገድ አለ ወይ? ይህን ጥያቄ ወደ ቤታችን ያመጣችው አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። እሷ እርዳታውን አግኝታው ነበር።

እትዬ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከባለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። እንደ ብዙ ሐበሻ የሌላ ሐበሻ ቤት ቤዝመንት ተከራይታ ነው ያለችው። በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ደውላ «የኢንተርኔቱን መንግሥት ሊከፍልልኝ ነው» አለችኝ። እኛ በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ጦርነቱ መጥቶብን፣ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ያለ ስልክና ያለ መብራት ከርማ ገና መውጣቷ ነበር። ልዩነቱ አስቆኝም አስተከዘኝም።

ፕሮግራሙ አፎርደብል ኮኔክቲቪቲ ፕሮግራም ይባል ነበር። ከእርሱ በፊት በኮቪድ ጊዜ በወር እስከ 50 ዶላር የሚደጉም ጊዜያዊ እርዳታ ነበር። በኅዳር 2014 (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2021) የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ 14.2 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ጊዜያዊውን በዚህ ተካው። ለአንድ ቤተሰብ በወር እስከ 30 ዶላር፣ የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች በሚኖሩበት መሬት ደግሞ እስከ 75 ዶላር ይሰጣል። ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም። መንግሥት ለኢንተርኔት ድርጅቱ ይከፍላል፤ የቤተሰቡ ቢል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ ጥቂት ጨምሮ ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ለሚገዛ አንድ ጊዜ እስከ 100 ዶላር ቅናሽ ነበረው።

እኔን የሳበኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ በሩ ነው። ማን ያልፋል? በማን ምስክርነት?

ሁለት በር ነበረው። አንደኛው ገቢ ነው፤ የቤተሰቡ ገቢ መንግሥት ካወጣው የድህነት ወለል ከእጥፍ መብለጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 55,500 ዶላር ነበር። ሁለተኛው በር ቀላል ነው። ቀድሞ ሌላ እርዳታ የሚያገኝ፣ ማለትም ፉድ ስታምፕ፣ ሜዲኬይድ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው ዊክ፣ ወይም ልጁ በትምህርት ቤት ነፃ ምሳ የሚበላ ቤተሰብ በዚያው ማስረጃ ያልፋል። የእትዬ ልጆች ሜዲኬይድ ስላላቸው በዚህ ገባች። ድህነቷን ሁለተኛ ጊዜ እንድታስረዳ አልተጠየቀችም። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቀበሌ ለቀበሌ ማስረጃ ሲያጽፍ የኖረ ሰው ይገባዋል።

ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ተያዘች። ፎቅ ላይ የሚኖሩት አከራዮቿ በዚያው አድራሻ ቀድመው ተመዝግበዋል። ሕጉ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ድጎማ ነው የሚለው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም የሚሞላ ቅጽ አለ። አብሯችሁ የሚኖር ሌላ አዋቂ ሰው አለ? እሱ እርዳታውን ያገኛል? ገቢና ወጪ ትጋራላችሁ?

እትዬ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «እንግዲህ በርበሬና ሽሮ እንጋራለን፤ ቡና አብረን ነው የምንጠጣው፤ እሷ ልጆቼን ትጠብቅልኛለች፤ እኔ እናቷን አጥብላታለሁ» ብላኝ ሳቀች። «ገቢ ግን አንጋራም።» አንጋራም ብላ ፈረመች፤ አለፈች። በአሜሪካ ሕግ ያ ቤት ሁለት ቤተሰብ ነው። በወሎ ሚዛን ከተመዘነ እንኳን ሁለት፣ አንድ ተኩል መሆኑንም እጠራጠራለሁ።

ፕሮግራሙ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ከ23 ሚሊዮን የሚበልጥ ቤተሰብ ከገባበት በኋላ ገንዘቡ አለቀ። ኮንግረሱ ተጨማሪ በጀት ሳያጸድቅ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ ምዝገባ ቆመ፤ ሙሉ ድጎማ የተከፈለበት የመጨረሻው ወር ኤፕሪል ሆነ፤ ጁን 1 ላይ ተዘጋ። አሁን የቀረው ላይፍላይን የሚባለው የቆየ ድጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ለስልክ ተብሎ የተጀመረ ሲሆን ኢንተርኔት የተጨመረበት በ2016 ነው፤ በወር 9.25 ዶላር ይደጉማል። እትዬ እርሱን ለስልኳ ታገኛለች። የቤቱን ኢንተርኔት ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት አውርዳ ሙሉውን ከኪሷ ትከፍላለች። «ልጆቹ ከለመዱት በኋላ ነው የነጠቁን» ትላለች። በሙያዬም የማውቀው ነገር ነው፦ የመግቢያ ቅናሽ ሲነሳ ደንበኛው የሚሰማው የድሮው ዋጋ መመለሱ ሳይሆን አዲስ ጭማሪ እንደተጣለበት ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ መርሳን ታገኛላችሁ፤ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ቀበሌ አክስቴ ይኖራሉ። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ልጃቸው ከሞተች በኋላ የልጅ ልጃቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ አሁን መርሳ ላይ 12ኛ ክፍል ትማራለች። ከሁለት የገጠር ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደየቤታቸው እየሄዱ የሳምንቱን ስንቅ ያመጣሉ። ወሎ ውስጥ የተማራችሁ ይህን ኑሮ ታውቁታላችሁ። እንጀራው ሐሙስ ላይ ይደርቃል፤ ዓርብ ድርቆሽ ነው።

አክስቴ በሴፍቲኔት ታቅፈዋል። ልማታዊ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ሀብሩም ካቀፋቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል፤ በምላሹ ክፍያ ያገኛል። እንደ አክስቴ ያለ፣ ጉልበት የሌለውና ጧሪ ያጣ ደግሞ ሳይሠራ ቋሚ የቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል።

ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ ለከተማ ሰው ላስረዳ። ከየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች ያሉበት ግብረ ኃይል የእያንዳንዱን ቤት ሀብት ይመዝናል፦ በሬ አለው? መሬቱ ስንት ጥማድ ነው? የሚልክለት ልጅ አለው? ከዚያ ስሙ በሕዝብ ፊት ይነበባል። «እሱማ ሁለት ላም አለው» የሚል ተነስቶ ይናገራል። ቅር የተሰኘ ለቅሬታ ሰሚ ያመለክታል። እንከን የለውም ለማለት አይደለም፤ ዘመድ ለዘመድ መጠቃቀሙም፣ ኮታ ሞላ ተብሎ መቅረቱም ሲወራ ሰምቻለሁ። ግን አንድ ነገር አለው። አክስቴ «መንግሥት አያውቀኝም፤ ጎረቤቴ ነው የመሰከረልኝ» ይላሉ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም ተመሳሳይ መንገድ አለው። በ2003 ዓ.ም. ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበር። መዋጮውን መክፈል የማይችሉትን ድሆች ማኅበረሰቡ ይለያቸዋል፤ የእነርሱን መንግሥት ይሸፍናል። ልብ በሉ፤ አሜሪካ «ሁለተኛው በር» ያለችው ዓይነት ዝርዝር እኛም አለን ማለት ነው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ለኢንተርኔት ብሎ የጠየቀው ሰው ግን የለም።

ኢንተርኔት ለገጠር ልጅ ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ባለቤቴም ብሎኛል። ይህቺ ልጅ ምን እንደምታደርግበት ልንገራችሁ። የመማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም ስለማይደርስ በስልኳ አውርዳ ታነባለች። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከቴሌግራም ቻናል ትወስዳለች። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፤ ውጤትም የሚታየው በድረ ገጽና በቴሌግራም ነው። በደኅናው ወር ከእኔ በተላከላት ካርድ ፓኬጅ ትገዛለች። ሲያልቅባት በሰዓት ዋይፋይ የሚሸጥ ሱቅ በራፍ ላይ ቆማ ታወርዳለች፤ እሱም ዋጋው ቀነስ የሚለው ከመሸ ነው። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አካባቢ፣ ከመሸ በኋላ ሱቅ በራፍ ላይ ስትቆም አስቡት። አክስቴ ይህን አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ታዲያ እኛ አገር ለኢንተርኔት ምንም እገዛ አልተደረገም? ተደርጓል። ግን በሌላ መልክ ነው። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ ቀንሶ ነበር፤ ያን ጊዜ ያልተደሰተ የለም። በእኔ ሙያ ግን እንዲህ ያለውን ቅናሽ በሌላ ዓይን እናየዋለን። ጠቅላላ ቅናሽ አብዝቶ የሚጠቅመው አብዝቶ የሚገዛውን ነው። በወር ብዙ ጊጋ የምንጨርሰው እኔና እናንተ ብዙ ብር እናተርፋለን። ስልክ የሌላቸው አክስቴ ምንም አያተርፉም። ልጅቷ የምታተርፈው ሳንቲም ነው። በዚያ ላይ ዋጋ እንደወረደ አይቀርም፤ በ2017 መግቢያ ብር ከተዳከመ በኋላ ታሪፉ ተመልሶ ከፍ ብሏል። ለሁሉም የተሰጠ ለሁሉም ይነሳል፤ ሲነሳ ግን የሚጎዳው ሁሉም እኩል አይደለም።

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ስለ ሁለንተናዊ ተደራሽነት ያነሳል፤ አገልግሎቱ ለሁሉም ይድረስ የሚል ሐሳብ ነው። ጥሩ ነው። ነገር ግን በብዙ አገር «ተደራሽነት» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ማማ መትከል ነው። መርሳ ላይ ማማ አለ። የልጅቷ ችግር ካርድ ነው።

ከዚህ ይልቅ ትዝ የሚለኝ የመብራት ቢል ነው። መብራት ኃይል ለቤት ተጠቃሚ ዋጋውን በፍጆታ እርከን ይከፋፍላል። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ለሚጠቀም ቤት ዋጋው ለብዙ ዓመታት 27 ሳንቲም ገደማ ሆኖ ቆይቷል። አምፖልና ሬዲዮ ብቻ ያለው ቤት ቅጽ ሳይሞላ፣ ምስክር ሳይጠራ፣ ቆጣሪው ራሱ መስክሮለት ይደጎማል። ደብዳቤ የለም፤ «ነገ ተመለሱ» የለም። ለኢንተርኔትም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊጋዎች በዚህ መልክ ቢረክሱ፣ ወይም የትምህርት ድረ ገጾች ከሒሳብ ውጭ ቢሆኑ ብዬ አስባለሁ።

ግን እዚህም ያው የቤተሰብ ጥያቄ አለ። እኔ የምኖረው አራት ተከራይ ባለበት ግቢ ነው፤ ቆጣሪው አንድ ነው። የአራታችን ፍጆታ ሲደመር ከርካሹ እርከን አልፎ ወደ ውዱ ይወጣል። ጥግ ያለችው ክፍል ውስጥ ጠላ ጠምቀው የሚኖሩት እናት አንድ አምፖል ነው ያላቸው፤ የሚከፍሉት ግን ፍሪጅ ካለን ከእኛ ጋር በአንድ ታሪፍ ነው። ለድሃ የታሰበው ዋጋ ብቻውን ቆጣሪ ያስገባ ባለቤት ጋ ይደርስና ተከራዩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ከተማ ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን የምታውቁት ይመስለኛል፤ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ እንኳ የማናውቅ ብዙ ነን።

የእኛ ግቢ ዋይፋይም እንደዚያው ነው። መስመሩ በአንድ ሰው ስም ነው፤ ወጪውን የምንጋራው ሦስት ቤት ነን። የእትዬን ቅጽ ብንሞላ ሦስት ቤተሰብ ነን፤ በቢሉ ግን አንድ። ሴትዮዋን የይለፍ ቃሉን ሰጥተን ያለ ክፍያ አስገብተናቸዋል፤ አረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር ማታ ማታ ይገናኛሉ። ይህ የእኛ የግቢ ድጎማ ነው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ኮሚቴም አልተሰበሰበም። ሆኖም በጎረቤት በጎነት ላይ የቆመ ነገር ጎረቤት ሲቀየር ይቋረጣል። ባለፈው ዓመት አንደኛው ተከራይ ሲለቅ መስመሩ በእርሱ ስም ስለነበር ሁላችንም ሁለት ሳምንት ጨልሞብን ነበር።

እና ማን ይለፍ? እኔ በበኩሌ ለአዲስ ምዝገባ አልቸኩልም። የሴፍቲኔቱና የጤና መድኅኑ ዝርዝር አለ፤ በዚያ ላይ ያለ ቤት ተማሪ ካለው፣ ለዚያ ተማሪ ስልክ በየወሩ ትንሽ ዳታ ቢገባለት የቴክኒክ ችግር ያለው አይመስለኝም። በቴሌብር ገንዘብ መላክ የቻለ አገር ጊጋ መላክ አያቅተውም። በገንዘብ በኩል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አሜሪካ እንኳ ሦስት ዓመት ሳትሞላ ነው ያቋረጠችው። ስለዚህ ለሁሉም ጀምሮ ከማቆም ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ተጀምሮ ቢዘልቅ እመርጣለሁ። ድጎማ ደግሞ መስመሩ ሲኖር ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ሀብታሙም ድሃውም እኩል ነበርን፤ ያን ዓይነት እኩልነት ለማንም አልመኝም።

ያም ሆኖ ዝርዝሩ ራሱ አንድ ቀዳዳ አለው። አክስቴ የተመዘገቡት ገጠር ቀበሌያቸው ነው። ልጅቷ ያለችው መርሳ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ነው። አብረዋት ያሉት ሁለቱ ልጆች ከሌላ ሁለት ቀበሌ የመጡ ናቸው፤ የአንዷ ቤተሰብ ሴፍቲኔት አለው፣ የሌላዋ የለውም። እንግዲህ አንዲት ክፍል፣ አንድ አምፖል፣ ሦስት ቀበሌ። የመርሳ ከተማ አስተዳደር «ገጠር ነው ያላችሁት» ሊል ይችላል፤ ገጠሩ ደግሞ «ልጅቷ እዚህ አትኖርም» ሊል ይችላል። ኢንተርኔቱ የሚያስፈልገው ከተማ ነው፤ ምስክሩ ያለው ገጠር ነው።

ባለፈው ወር አክስቴን ልጠይቅ ወርጄ ነበር። የእትዬን ቅጽ ነገር አጫወትኳቸው። ያንኑ ጥያቄ ለእሳቸው አቀረብኩላቸው፦ «አክስቴ፣ እርስዎና እሷ አንድ ቤት ነው ወይስ ሁለት ቤት የምትባሉት? እሷ እኮ መርሳ ነው የምትኖረው።»

ጨርቁን ዘርግተው የቅዳሜውን ስንቅ እየቋጠሩ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አብሽሪ ልጄ፣ ምን ሁለት ቤት አለው? እንጀራው ከዚህ አይደል የሚሄድ?»